የሚቀረው ጫፍ

“ምዕራፉን አያውቀውም እኮ። በየዓመቱ ይዘለዋል። … አይ፣ ምን ብዬ ነው የምነግረው? አባቴ ነው፣ ያሳዝነኛል።”

መምህር ያረጋል ይህን የሰማው ቅዳሜ ጠዋት፣ በሳሎኑ መስኮት አጠገብ ከተሰቀለችው መስታወት ፊት ቆሞ፣ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ግማሹ ገና በሳሙና እንደተሸፈነ ነው። የልጁን ክፍል ከሳሎኑ የሚለየው ቺፕውድ ነው፤ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ራሱ ያስመታው፣ ቀለሙ ብቻ ግድግዳ ያስመሰለው ቺፕውድ። ማዕዶት ከጓደኛዋ ከእየሩስ ጋር በስልክ ስታወራ ድምጿን ዝቅ አድርጋለች፤ ቤቱ ግን ዝቅ ያለ ድምፅ የሚደበቅበት ቤት አይደለም። ያረጋል ምላጩን አየር ላይ እንደያዘ ቆየ። “አያውቀውም” መባሉን እንደምንም ይችለው ነበር። የከበደው “ያሳዝነኛል” የሚለው ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ለዚህች ልጅ ያዘነው እሱ ነበር፤ ስትወድቅ፣ ሲያተኩሳት፣ ጥርሷ ሲነቀል። ተራው ወደ እሷ መዞሩን ማንም አልነገረውም።

ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ከጎጃም ተመድቦ ወልቂጤ ከመጣ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተምራል። ባጃጅ ነጂው፣ የባንክ ገንዘብ ከፋዩ፣ የጤና ጣቢያ ነርሷ መንገድ ላይ ሲያገኙት “ቲቸር” ይሉታል። ትሪጎኖሜትሪ ሲያስተምር እንደሱ ያለ የለም ይባላል። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ካልኩለስ ሲደርስ ግን ሦስት ገጽ ሀንድአውት ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ያድላል። “ይህን ሸምድዱ” ይላቸዋል፤ “ለምን ብላችሁ አትጠይቁ። ለምን ያሉ ብዙ ጎበዞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው አልቅሰው ተመልሰዋል።” ተማሪዎቹ ይስቃሉ። ሲወጡ ግን ወረቀቱን የሚነክስ ነገር ይመስል በጣታቸው ጫፍ ይዘው ነው። እሱ ደግሞ ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ እግሩ ይቀለዋል፤ ለአንድ ዓመት ያህል አመለጠ ማለት ነው። ዘንድሮ ማዕዶት ከተማሪዎቹ አንዷ ናት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች። ቤት ውስጥ “አባዬ”፣ ክፍል ውስጥ “ቲቸር” ትለዋለች። ሀንድአውቱን የሰጣት ባለፈው ማክሰኞ ነው።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ዝም ብለው ዳቦ በሻይ በሉ። ባለቤቱ ዓለምዘውድ ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ሳምንቱን ሙሉ ፋይል ስታገላብጥ ስለምትውል ቅዳሜ ጠዋት ማውራት አትወድም። እንደዚያም ሆኖ የባሏን ፊት ሁለት ጊዜ አየት አደረገች። አገጩ ላይ ምላጭ የነካው ቦታ አለ። “ቆረጠህ?” አለችው። “ትንሽ” አላት። ማዕዶት ብርጭቆዋን አንስታ ሻይዋን ጨረሰችና እየሩስ ቤት ሄዳ ልታጠና መሆኑን ተናገረች፤ ሰኔ ላይ ብሔራዊ ፈተና አለ፣ ሁለት ወር አልቀረም። ጃኬቷ ውስጥ አንድ ወፍራም ደብተር ደብቃ ይዛለች። ዚፑን እስከ አንገቷ ዘግታዋለች፣ በዚያ ሙቀት። ያረጋል አየ፤ ምንም አላለም። በግማሽ ዓመቱ የሒሳብ ፈተና ላይ እስክርቢቶዋን ጨብጣ፣ ወረቀቷ ባዶ ሆኖ፣ እንባዋን ስታዘራ ራሱ ነበር ፈታኙ። ያኔም ምንም አላላትም። ጭንቀት ነው፣ ያልፋል ብሎ ለራሱ ነግሮት ነበር።

እሷ ከወጣች በኋላ ዓለምዘውድ ቲማቲም እንዲገዛ ላከችው። የእየሩስ እናት መናኸሪያው አጠገብ ባለው ጉልት አትክልት ትሸጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሩስ ናት የምትተካት፤ ያረጋል ይህን የሚያውቀው ከዓመት ዓመት ከእነሱ ስለሚገዛ ነው። ዛሬ ግን እየሩስን ከሚዛኑ ጀርባ ቁጭ ብላ ሲያያት ነገሩ ያን ጊዜ ነው የገባው። እሷም ሲያያት ገባት። “እንደምን አደሩ ቲቸር። ቲማቲም ኪሎው ስልሳ ነው፣ ለእርስዎ ሃምሳ አምስት” አለችና ሳይጠይቃት ትላልቆቹን እየመረጠች መመዘን ጀመረች። ያረጋል ፌስታሉን ተቀበላትና “ማዕዶት እናንተ ቤት ናት?” አላት። እየሩስ አንዱን ሽንኩርት አንስታ ልጣጩን በጥፍሯ መላጥ ያዘች። መዋሸት የማትችል ልጅ ናት፤ ክፍል ውስጥም የቤት ሥራ ሳትሠራ ስትመጣ ከጠያቂው በፊት ትናገራለች።

“አይቆጧት ቲቸር” አለች። “ጉብሬ ሄዳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚስ አሚኔ ጋ ትማራለች። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ናት፣ በነጻ ነው የምታስጠናቸው። ጉንችሬ አካባቢ ነው አገሯ … የእርስዎ ተማሪ ነበረች አሉ።”

አሚኔ። ያረጋል ስሙን ሲሰማ ፌስታሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ተማሪዎቹ በየዓመቱ ሦስት መቶ ናቸው፤ አብዛኞቹን ከረሳ ቆይቷል። ይህችን ግን አልረሳም። አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ጉንችሬ ካለው ከአባቷ ቤት መጥታ ወልቂጤ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ አማርኛዋ ውስጥ አገሯ የሚሰማ፣ ቀጭን ልጅ ነበረች። አንድ ቀን፣ ገና ሀንድአውት ማደል ሳይጀምር፣ ኩርባ መስመር ሥር ያለውን ስፋት በጠባብ ጠባብ አራት ማዕዘን እየሸነሸኑ መለካት ይቻላል ብሎ ከመጽሐፉ ላይ ሲያነብላቸው እጇን አወጣች። “መምህር፣ አራት ማዕዘኑ ኩርባውን ሙሉ በሙሉ አይሞላም። ጫፍ ጫፉ ላይ ይቀራል። እየቆረጥን ስንሄድ የሚቀረው ጫፍ የት ይሄዳል?” ያረጋል አላወቀውም። ስድሳ ተማሪ እያየው ነው። መጽሐፉን ዘጋ አደረገና “ጉንችሬ ይሄዳል” አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ “ጫፏ” ይሏት ጀመር፤ እሱም ሰምቶ ዝም አለ። ለአንድ ሳምንት ቀረች። ስትመለስ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጇን አላወጣችም።

ቲማቲሙን ቤት አላደረሰም። በቀጥታ መናኸሪያ ገብቶ የጉንችሬ ሚኒባስ ውስጥ ተሳፈረ፤ ጉብሬ መንገድ ላይ ናት፣ ሠላሳ ብር። አጠገቡ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሰው የጣሪያ ሚስማር የሞላ ከረጢት ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ሸረፋ እባላለሁ አሉት፤ ጣሪያ ነው የሚመቱት፣ ጉንችሬ አንድ ቤት ጀምረዋል። መኪናው ከከተማው ሳይወጣ ቲማቲሙ ስንት እንደሆነ ጠየቁት፣ ሲነግራቸውም ተሸውደሃል አሉት። ከዚያ ሥራውን ጠየቁት። የሒሳብ መምህር ነኝ ሲላቸው ሰውነታቸው ትንሽ ወደ በሩ ሸሸ፤ ለራሳቸውም ገረማቸውና ሳቁ።

“እኔን ከትምህርት ያስወጣኝ እሱ ነው” አሉ። “ሰባተኛ ደረስኩ። ቁጥር እወድ ነበር። አንድ ቀን ፊደል ገባበት። ኤክስ አሉ። ኤክስ ማነው ብዬ ጠየቅኩ፣ ወላሂ ለማወቅ ነው የጠየቅኩት። መምህሩ ቀልደኛ ብሎ እስከ ደውል ድረስ አቆመኝ። በማግስቱ አልሄድኩም። አባቴም ከብት አለ፣ ይቅር አለ፣ ቀረሁ። አሁን በእርጅናዬ ልጄን ጠየቅኳት። ገና ያላወቅነው ቁጥር ማለት ነው አለችኝ። ይህ ብቻ ነው እንዴ? ያኔ ይህን ቢለኝ ኖሮ ይበቃኝ ነበር።”

ያረጋል ከመስኮቱ ውጭ የሚያልፈውን እንሰት ሲያይ ቆየ። ሸረፋ በክርናቸው ነካ አደረጉት። “አንተ ግን አዋቂ ነህ። አንተን አያስፈራህም።”

“ያስፈራኛል” አለ ያረጋል። ለማያውቁት ሰው መናገር እንዲህ ቀላል መሆኑን አላሰበውም ነበር። “ሁሉም ሳይሆን አንዱ ክፍል። እሱ ሲመጣ እዘለዋለሁ።”

ሸረፋ አልሳቁም፣ አልገረማቸውምም። “እኔም ጣሪያ ላይ ስሆን ወደ ታች አላይም” አሉ። “አርባ ዓመት ሠራሁ፤ አንድም ቀን አላየሁም። ግን ድካሙ ከሥራው አይደለም። ድካሙ ከአለማየቱ ነው።” ጉብሬ ሲደርሱ ከረጢታቸውን ከፍ አድርገው እግራቸውን ሰበሰቡለትና አሳለፉት።

የአሚኔን ቤት ማግኘት አልከበደውም፤ የመጀመሪያዋ ሱቅ ውስጥ ያለችው ሴት “ሕዝብ የምታስተምረዋ?” ብላ አሳየችው። ሦስት ተከራይ ያለበት ግቢ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ አንድ ወጣት ሰው ሕፃን በአንድ ክንዱ ታቅፎ በሌላው እጁ የሕፃን ልብስ ገመድ ላይ ያሰጣል። ሳላሀዲን ነኝ፣ የአሚኔ ባለቤት፣ ይግቡ አለው። ያረጋል ግን ሁለት እርምጃ ገብቶ ቆመ። በረንዳው ላይ እንደ ሰሌዳ ጥቁር የተቀባ ኮምፔንሳቶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሲሚንቶው ላይ አራት ተማሪዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ መሃላቸው አንድ ትልቅ የእንሰት ቅጠል ተዘርግቷል። ቅጠሉ ከመሃል አጥንቱ ተሰንጥቆ ግማሹ ብቻ ነው የቀረው፤ አንዱ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ሌላው እየጠበበ ወደ ጫፉ የሚታጠፍ ኩርባ። ማዕዶት ጃኬቷን አውልቃ፣ መቀስ ይዛ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ ቅጠሉን እንደ ሪባን ትሸነሽናለች። ልጁን እንዲህ ሒሳብ ላይ አጎንብሳ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ደስ ብሏት አይቷት አያውቅም። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ዱላ የሚጠብቅ ሰው ትከሻ ነበር ትከሻዋ።

መጀመሪያ ያየችው አሚኔ ናት። ሂጃቧን አስተካከለችና ብድግ አለች። አሁን ሃያ ስምንት ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሙላት ጨምራለች፣ ዓይኗ ግን ያው ነው። “መምህር ያረጋል” አለች፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ። የማዕዶት መቀስ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ልጅቷ ፊቷ ዐመድ መስሎ “አባዬ” ልትል “ቲቸር” ልትል ሲጠፋት ሁለቱም ቀሩ።

አሚኔ ለልጆቹ፣ “እኚህ የእኔም መምህር ናቸው” አለቻቸው። ከዚያ ከሰሌዳው ሥር አንድ ጠመኔ አነሳችና ወደ እሱ መጥታ ዘረጋችለት። “ጥሩ ሰዓት ላይ ነው የመጡት። አንድ ጥያቄ ላይ ነን። እርስዎ ይመልሱልን።” ሰሌዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ የሚቀረው ጫፍ የት ይሄዳል?

ጠመኔውን የሰጠችው ከአክብሮት ይሁን ከሌላ ነገር መለየት አልቻለም። ተቀበላት። በአንድ እጁ የቲማቲም ፌስታል፣ በሌላው ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ፊት ቆመ። ሃያ ስድስት ዓመት የተለማመዳቸው መውጫዎች ሁሉ በአእምሮው ተሰለፉ፤ ይህ ከፈተና ውጭ ነው፣ ይህን ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ታገኙታላችሁ፣ ቀልድ፣ ሰዓት ማየት። ዘወር ሲል ማዕዶት ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች። እሱ ሲዋረድ ላለማየት ነው። ጠዋት በቺፕውዱ በኩል የሰማት ልጅ ይህችው ናት፤ ዛሬም ቢያመልጥ ታስመልጠዋለች፣ እቤት ገብታም ምንም አትለውም። ያረጋል ጠመኔውን ሰሌዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው።

“አላውቀውም” አለ። “ያኔም አላውቀውም ነበር፣ አሚኔ። ስላላወቅሁት ነው ያሳቅሁብሽ። ጥያቄሽ ትክክል ነበር። የፈራሁት እኔ ነኝ።”

ማንም አልሳቀም። ሳላሀዲን ልብሱን ገመድ ላይ እንደያዘ ቆሟል፤ ሕፃኑ ብቻ አንድ ነገር ይላል። አሚኔ በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች፣ እንደደከመው ሰው። “እኔ ሞኝ ጥያቄ የጠየቅሁ ነበር የመሰለኝ” አለች። “ሌላ ትምህርት ልማር ነበር ዩኒቨርሲቲ የገባሁት። ሁለተኛ ዓመት ላይ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ መጽሐፍ ሳገላብጥ ጥያቄዬን ራሱን አገኘሁት። ትልልቅ ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ የተጨቃጨቁበት ጥያቄ ነው ይላል። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በማግስቱ ሄጄ ወደ ሒሳብ አዛውሩኝ አልኳቸው።” ቀና ብላ አየችው። “ጠመኔውን ስሰጥዎት ክፋት ነበረበት። ብዙ አይደለም፣ ትንሽ።”

“ይገባኛል” አለ ያረጋል።

“እንግዲህ ይቀመጡ” አለችው። “ማዕዶት፣ አሳዪያቸው።”

ጫማውን አውልቆ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ፤ ምንተስኖት የሚባለው ልጅ ቦታ ለቀቀለት። ማዕዶት የሸነሸነቻቸውን ስምንት የቅጠል ሪባኖች ከረጅሙ ወደ አጭሩ በተርታ አስቀመጠች። ሪባኖቹ ሁሉ ወርዳቸው እኩል ነው፤ ኩርባው በኩል ግን አናታቸው ተንጋዷል። እያንዳንዱን አናቱ ላይ ቀጥ አድርጋ ቆረጠችው፤ ከታች ንጹሕ አራት ማዕዘን ቀረ፣ ከላይ እንደ ጥፍር የታጠፈች ትንሽ ጫፍ። “የሚቀሩት እነዚህ ናቸው” አለች። ድምፅዋ እየጠራ መጣ። “አሁን ሁሉንም ሰብስበን እዚህ እንደርድራቸው።” ከረጅሙ ሪባን ጋር እኩል የሆነ አንድ የወረቀት ቁራጭ አኖረችና ጫፎቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደረደረቻቸው፤ አንዱ ያቆመበት ላይ ሌላው ይጀምራል። ስምንቱም ጫፎች እዚያች አንዲት ቁራጭ ውስጥ ገቡ። አላለፉም። “የቀረው ሁሉ ተሰብስቦ ከአንድ ሪባን አይበልጥም” አለች። “ሪባኑን ግማሽ አድርገን ብናጠበውስ? የሚቀረውም አብሮ ይጠባል።”

ያረጋል መቀሱን ተቀበላት። ከሌላ ቅጠል ራሱ ቆረጠ፣ አሥራ ስድስት ሪባን፣ ተጎንብሶ፣ መነጽሩ አፍንጫው ላይ ወርዶ። አንዱን አበላሸና ሌላ ጀመረ። የእንሰቱ ፈሳሽ ጣቱ ላይ ተጣበቀ። ሠራው፤ ደረደረው። ጫፎቹ ከጠባቧ ሪባን አላለፉም። ቀጥ ብሎ ተቀመጠና ለረጅም ጊዜ አያቸው። ፎርሙላውን ሠላሳ ዓመት ያውቀዋል፤ ተኝቶም ሊጽፈው ይችላል። ፎርሙላው ስለ ምን እንደሚያወራ ግን ገና አሁን መስማቱ ነው።

“ስለዚህ የትም አይሄድም” አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። “ምን ያህል እንደሚቀር የምንወስነው እኛ ነን።”

“አዎ” አለች አሚኔ። “እርስዎ ይህን ያህል ብቻ ይቅር ይበሉኝ፣ የፈለጉትን ያህል ትንሽ። እኔ ደግሞ ከዚያ ያነሰ እንዲቀር አድርጌ እቆርጥልዎታለሁ። ሁልጊዜ እችላለሁ። ሊሚት ማለት ይኸው ነው።”

ምሳ ሰዓት አለፈ። ሳላሀዲን ቆጮና ጎመን አቀረበላቸው፤ ልጆቹ ተሻምተው በሉ። ያረጋል ቲማቲሙን ትቶላቸው ሊሄድ ሲል አሚኔ ፌስታሉን መልሳ እጁ ላይ አደረገችው፤ “ዓለምዘውድን ከማዘጋጃ ቤት አውቃታለሁ፣ ባዶ እጅዎን ቢገቡ አታስገባዎትም” አለች። በር ላይ ሲሰናበታት “ይቅርታ” የሚለውን ቃል ሊጨምር ፈለገ። እሷ ግን ሕፃኑን ከባሏ ተቀብላ፣ “የሚመጣው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ነን። አይዘግዩ፣ ማርፈድ አልወድም” አለችው። እሱ ራሱ ክፍል ውስጥ የሚናገረው ንግግር ነው።

ወደ አስፋልቱ በእግራቸው ሲወጡ አባትና ልጅ አልተነጋገሩም። መንገዱ ዳር ሴቶች እንሰት ይፍቃሉ፤ አንድ ሞተር አቧራ አልብሷቸው አለፈ። ሚኒባሱን ሲጠብቁ ማዕዶት፣ “ተናደድክ አባዬ?” አለችው።

“ለምን አልነገርሽኝም?”

እግሯ ሥር ያለውን ጠጠር በጫማዋ ገፋችው። “ጠዋት ጠዋት አብረን ስንሄድ ሰው ሁሉ ቲቸር እያለ ይቆምልሃል። አንተ ደግሞ ደስ ሲልህ ኮትህን ትቆልፋለህ። እሱን እንዳላበላሽ ነው።”

ያረጋል ኮቱን አየ። ተቆልፏል። ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ቆመበት። ከዚያ ለማንም፣ ለዓለምዘውድ እንኳ፣ ያልነገረውን ነገራት። ዲግሪውን በክረምት ሲማር እሱም አንድ ጊዜ እጁን አውጥቶ ነበር። ጥያቄው ከአሚኔ ጥያቄ ብዙም አይርቅም። አስተማሪው ከላይ እስከ ታች አይቶት፣ “አንተ መምህር ነኝ ብለህ ልጆች ፊት ትቆማለህ?” አለው። ከዚያ በኋላ አልጠየቀም። ፈተናውን በሸመደደው አለፈ። “ይህን ምዕራፍ ስከፍት የሚሰማኝ የዚያ ሰውዬ ድምፅ ነው” አላት። “ሒሳቡን መስሎኝ ነበር የምፈራው።” ማዕዶት ክንዱን ያዘችውና ሚኒባሱ እስኪመጣ አልለቀቀችውም፤ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ መንገድ ላይ ክንዱን ይዛው አታውቅም።

ወልቂጤ ሲደርሱ መናኸሪያው በር ላይ ካለው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገብቶ አንድ ባለ ሃምሳ ገጽ ደብተር ገዛ። ዓለምዘውድ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ቲማቲሙን ተቀበለችው፣ ግማሹ ተጨፍልቋል፤ የባሏን ሱሪ አየች፣ ጉልበቱ በእንሰት ፈሳሽ አረንጓዴ ሆኗል፤ የልጇን ፊት አየች። ስድብ አዘጋጅታ ነበር፣ ተወችው። “ስልክህ አይነሳም” ብቻ አለች። ሳሎን ተቀምጠው ሁሉንም ነገራት፣ ከጠዋቱ ስልክ ጀምሮ። ማዕዶት መሰማቷን ስታውቅ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ዓለምዘውድ ሰማችና በመጨረሻ ያስጨነቃትን ጠየቀች።

“ሰኞ ምን ልታደርግ ነው? ስድሳ ተማሪ ፊት አላውቀውም ልትል?”

“አዎ” አለ ያረጋል። “ሀንድአውቱን ሰብስቤ እወስድባቸዋለሁ። እኔም እየተማርኩት ነው እላቸዋለሁ።”

“ዳይሬክተሩ ቢሰማስ?”

“ይስማ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ማዕዶት ትወጣና ታሳያቸዋለች። እኔ ቅጠሉን እይዝላታለሁ።”

ዓለምዘውድ ባሏን እንደ አዲስ ፋይል ገልጣ ስታየው ቆየች። ከዚያ ተነስታ ሱሪውን አውልቆ እንዲሰጣት፣ እድፉ ሳይደርቅ በሎሚ እንድትፈትገው ነገረችው። ከሃያ ዓመት ትዳር በኋላ ይህ ፈቃድ መስጠቷ እንደሆነ ያረጋል ያውቃል።

ማዕዶት አዲሱን ደብተር ከእጁ ወሰደችው። በጋዜጣ ሸፈነችለት፣ ማዕዘኖቹን በጥንቃቄ አጥፋ፣ አንደኛ ክፍል ስትገባ እሱ ለእሷ እንደሸፈነው ሳይሆን ከዚያ በተሻለ። እስክርቢቶ አንስታ ሽፋኑ ላይ ስም ብላ ጻፈች፣ ያረጋል መኩሪያ። ትምህርት ብላ ጻፈች፣ ሒሳብ። ክፍል ብላ ጻፈችና እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየችው።

“ክፍል ላይ ምን ልበል?”

ያረጋል በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ባዶ እግሩን፣ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ጥቂት አሰበ።

“አሥራ ሁለተኛ ለ” አላት። “ያንቺው ክፍል።”

ጻፈችው። ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠግታ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠችለት።